ለአጭር ፊልም የትኛው ካሜራ? ከደቻቱ አሸዋ እስከ ጀጎል ጓዳ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ስልኳን አወጣችና የሦስት ካሜራ ፎቶ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ከነዚህ የቱን ልግዛ?» አለች። አንዱ ያገለገለ ካኖን ነው፣ አንዱ ሶኒ፣ አንዱ ፓናሶኒክ። ሦስቱም ሻጮች «ለፊልም ምርጥ ነው» ብለዋታል። ብሩን ለማጠራቀም ከዓመት በላይ ፈጅቶባታል። ከተሳሳተች ሌላ የምትገዛበት የላትም።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ስክሪፕቱን ጠየቅኋት። ዘጠኝ ገጽ ነው። አያትና የልጅ ልጅ፣ ሦስት ቦታ። ቀትር ላይ ልጁ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ብቻውን ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ሐረር፣ በግንብ በተከበበው ጀጎል ውስጥ፣ በጠባብ መንገድ አያቱን ተከትሎ ይሮጣል። ማታ አንድ አምፖል በበራበት ክፍል ሁለቱ ያወራሉ። ልጁ ያለቅሳል።

ድሬና ሐረር ላይ በትንሽ ብር አጭር ፊልም የሚሠራ ሁሉ እነዚህ ሦስት ነገሮች በሆነ መልክ ይገጥሙታል፦ ጠራራ ፀሐይ፣ ጠባብ ቦታ፣ ጨለማ ክፍል። ስለዚህ ካሜራዎቹን በስማቸው ትልቅነት አንመዝናቸውም። በነዚህ ሦስት ትዕይንቶች እንፈትናቸዋለን።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ፀሐዩ። የድሬ ቀትር ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አይነገርም። ካሜራ እንዴት እንደሚያየው ግን ልንገራችሁ። ለፊልም በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስንቀርጽ ሻተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ እናደርጋለን። እንቅስቃሴው ዓይናችን በፊልም የለመደውን ዓይነት የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ በዚህ ሻተር ምስሉ እንዳይነጣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ይጠባል) እስከ ኤፍ 22 ድረስ መዝጋት ይጠይቃል። አሁን የልጁ ፊት ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው አሸዋ እንዲደበዝዝ ፈለጋችሁ እንበል። ኤፍ 2.8 ስትከፍቱ የሚገባው ብርሃን 64 እጥፍ ይሆናል። ምስሉ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው ኤንዲ ፊልተር ነው። ለሌንስ የሚደረግ ጥቁር መነጽር በሉት። ኤንዲ 64 የሚባለው ልክ ያንን 64 እጥፍ ይቀንሳል። እየተሽከረከረ የሚጠቁርና የሚነጣው ዓይነት አንዱ ለሁሉም ይሆናል። ርካሹ ግን በሰፊ ሌንስ ላይ ጫፍ ድረስ ሲያጠቁሩት ምስሉ መሃል የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ያመጣል። ሳትከፍሉ በፊት ሌንሳችሁ ላይ አስራችሁ እዩት።

ጥበቱ። ጀጎል ውስጥ ወደ ኋላ ማፈግፈግ የለም። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተነካካ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ የካሜራ ማኑ ጀርባ ግድግዳ ነው። ሰፊ የሚያይ ሌንስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው ሌንሱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። የነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ሙሉ ፍሬም ከሚባለው መለኪያ መጠን ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ካኖን 700ዲ ላይ በ1.6፣ ሶኒ ኤ6300 ላይ በ1.5፣ ፓናሶኒክ ላይ በ2 ይባዛል። 18 ሚሊሜትር የተባለው ሌንስ 700ዲ ላይ የ29 ያህል ነው የሚያየው። ለጀጎል፣ ከተባዛ በኋላ ከ30 ባይበልጥ ይመረጣል።

ጨለማው። የሐረሪ ቤት ውስጡን ያየ ያውቃል። ቀዩ መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌት፣ በበሩ የሚገባው ብርሃን። ዓይን የሚማርክ ነው። ለካሜራ ግን ከባድ ነው። እዚህ ላይ ከካሜራው በላይ ሌንሱ ይፈርዳል። አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ዙም ሲደረግ ኤፍ 5.6 ነው። ኤፍ 1.8 ሌንስ ከሱ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አሮጌ ካሜራ ከጥሩ ሌንስ ጋር፣ አዲስ ካሜራን ከደካማ ሌንስ ጋር ማታ ላይ ያሸንፈዋል።

መብራቱ። ይህ የደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳቢያን ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቀረጽን። ተዋናይዋ ልጇ የላከላትን ደብዳቤ ታነባለች። ስድስተኛው ሙከራ ላይ እውነተኛ እንባ መጣ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ከኋላዋ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ ግራጫ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይሄዳሉ። ፊቷ ላይም ያልፋሉ። ካሜራው 30 ፍሬም፣ ሻተሩ 1/60 ላይ ነበር። ያንን እንባ ደግመን አላገኘነውም።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን አይለየውም። ሻተሩ 1/50 ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬም ልክ ሁለት ምት ይይዛል፣ ሁሉም እኩል ብርሃን ያገኛል። 1/60 ሲሆን ግን ምቱ ይቆራረጣል። ስለዚህ ካሜራው 25 ፍሬም፣ ወይም ቢያንስ 24 ፍሬም ከ1/50 ሻተር ጋር መስጠት አለበት። ካኖንና ሶኒ ላይ ሜኑ ገብታችሁ ኤንቲኤስሲ (የ30 ፍሬም ሥርዓት) የሚለውን ወደ ፓል (የ25 ፍሬም ሥርዓት) ቀይሩት። ሶኒ ይህን ስትቀይሩ ሜሞሪውን ፎርማት አድርጉ ይላችኋል፤ ቀድማችሁ ቪዲዮዎቹን ገልብጡ።

ድምፁ። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል። የማይሰማ ንግግር አይታገሥም። ካሜራው የማይክ መሰኪያ አለው? የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያስ? ከሌለው፣ ለብቻው ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ሂሳብ ውስጥ ይግባ።

ሙቀቱና ባትሪው። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ካሜራ ደግሞ ከአየሩ በላይ ይግላል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ቻርጅ የማድረጊያ ተስፋችሁን ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻ አትጣሉ።

4ኬን፣ ማለትም ከተለመደው 1080 ቪዲዮ አራት እጥፍ ነጥብ ያለውን ምስል፣ መመዘኛ ውስጥ አላስገባሁትም። የሲኒማ 2ኬ ማሳያ 2048 በ1080 ነጥብ ነው። ጥሩ ሆኖ የተቀረጸ 1080 ቪዲዮ ለዚያ አያንስም፤ ስልክ ላይ ለሚያየው ሰውማ ይተርፋል። 4ኬ የሚጠቅመው ኤዲቲንግ ላይ ምስሉን ቆርጦ ለማስጠጋት ነው። ሂሳቡ ግን ሌላ ቦታ ይመጣል። ካኖን 700ዲ በደቂቃ 330 ሜጋባይት ገደማ ሲይዝ ሶኒ ኤ6300 በ4ኬ 750 ገደማ ይይዛል። ሜሞሪው፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም ከዚያ ጋር ያድጋል።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ

እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ በሙሉ በአይፎን 5ኤስ የተቀረጸ ረጅም ፊልም ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። ስልክ ይችላል። ጥያቄው የእናንተን ሦስት ትዕይንት ይችላል ወይ ነው።

ጀጎል ላይ ስልክ ጎበዝ ነው። ዋናው ሌንሱ አብዛኛውን ጊዜ የ24 ወይም የ26 ሚሊሜትር ያህል ያያል። ሰውም አይደነግጥም። ቀፊራ ገበያ መሃል ትልቅ ካሜራ ስታወጡ ግማሹ ፊቱን ይሸፍናል፣ ግማሹ ይሰበሰባል። ስልክ ስታወጡ ገበያው ይቀጥላል። ይህ ማለት ግን ሳይጠይቁ ሰው መቅረጽ ማለት አይደለም። ፊቱ የሚታይን ሰው «እንቅረጽዎ?» ማለት ያስፈልጋል፤ ሴቶች እናቶች ካሉበት ደግሞ የበለጠ።

ደቻቱ ላይ ግን ይቸገራል። የአብዛኛው ስልክ አፐርቸር አይዘጋም። ብርሃኑን የሚቀንሰው ሻተሩን በማፍጠን ነው፣ ከ1/2000 በላይ ይሄዳል። ያኔ የልጁ እርምጃ እየተቆራረጠ፣ እየዘለለ ይታያል። ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ኤንዲ ያስፈልጋል። ሙቀቱም አለ። አፕል ራሱ አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራበት ነው የሚመክረው።

ማታ ደግሞ ዋናውን ሌንስ ብቻ ተጠቀሙ። ሰፊውና አቅራቢው ሌንስ ሴንሰራቸው ትንሽ ስለሆነ ጨለማ ላይ ምስሉ ይቦካል።

ስልክ መርጣችሁ ከሆነ ስልኩ ይዞት የመጣውን የካሜራ አፕ ተዉት። እሱ ብርሃኑ ሲለዋወጥ የፍሬሙን ብዛት ራሱ ይቀያይራል፤ በኋላ ለብቻ ከተቀዳው ድምፅ ጋር ስትገጥሙት ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው አፕ ነፃ ነው። ለአይፎን እ.ኤ.አ. በ2023፣ ለአንድሮይድ በ2024 ወጥቷል። በሁሉም አንድሮይድ ላይ አይሠራም፤ በሚሠራበት ላይ ግን 25 ፍሬም፣ ሻተር፣ አይኤስኦ፣ ፎከስና የቀለም ሙቀት መቆለፍ ትችላላችሁ። አይፎን ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ የፓል ፎርማቶችን አሳይ የሚለውን ብታበሩት 25 ፍሬም ይመጣል።

### ያገለገለ ዲኤስኤልአር፦ ካኖን 700ዲ እና ታላላቆቹ

ዲኤስኤልአር ማለት ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ነው። ይህን አማራጭ ረዘም አድርጌ የማየው ድሬ ላይ በየፎቶ ቤቱ፣ በየሰርግ ቀራጩ እጅ ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ሌንስ ለመዋስ ስትፈልጉ የካኖን ሌንስ ያለው ሰው አታጡም። ይህ በራሱ ገንዘብ ነው።

700ዲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። 1080 በ25 ፍሬም ይቀርጻል። የማይክ መሰኪያ አለው። ስክሪኑ ተገልብጦ ይዞራል፤ አሸዋው ላይ አጎንብሳችሁ የልጁን እግር ስትቀርጹ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ ተጀምሮ የሚቀርጸው እስከ 30 ደቂቃ ነው፤ ለፊልም ይበቃል።

ድክመቶቹ ግልጽ ናቸው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም፤ ማይኩ መሰካቱን እንጂ ድምፁ መበላሸቱን እዚያው አትሰሙም። ከአይኤስኦ 1600 በላይ ምስሉ ይቆሽሻል። ቪዲዮ ላይ አውቶ ፎከሱ ዝግተኛ ነው። ባትሪው ቪዲዮ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ካኖን የሚያስቀምጠው የሙቀት ገደብ 40 ዲግሪ ነው።

አሁን በልጅቷ ስክሪፕት እንፈትነው። ደቻቱ ላይ ኤንዲ ይታሰርበታል፣ ያልፋል። ጀጎል ላይ ልጁ ይሮጣል፣ አውቶ ፎከሱ ደካማ ነው፤ ታዲያ ምን ይደረግ? ሌንሱን 18 ላይ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ ፎከሱን ሁለት ሜትር ተኩል ላይ አስቀምጡና አትንኩት። ከአንድ ሜትር ከሃያ አካባቢ ጀምሮ እስከ ሩቅ ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል። ልጁ የፈለገውን ያህል ይሩጥ። ለማታው ክፍል የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ አለ፤ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ይሁንና 700ዲ ላይ የ80 ያህል ሆኖ ስለሚያይ ለፊት ቅርበት እንጂ ክፍሉን ለማሳየት አይሆንም። ለክፍሉ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 የሆነው ስስ ሌንስ ይሻላል።

ማጂክ ላንተርን የሚባል ነፃ ሶፍትዌርም አለ፤ ካኖን የሠራው አይደለም። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ይጫንና 700ዲ ላይ የድምፅ መጠን ማሳያ፣ ፎከስ የገባበትን ጠርዝ በቀለም የሚያሳይ፣ ምስሉ የነጣበትን በመስመር የሚያመለክት ይጨምራል። አደጋው የእናንተ ነው፤ በቀረጻ ዋዜማ አትጫኑት።

ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ 70ዲ ወይም 80ዲ ፈልጉ። 70ዲ ዱዋል ፒክስል የሚባለው የካኖን አውቶ ፎከስ መጀመሪያ የወጣበት ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ፎከሱ ለስለስ ብሎ ይከተላል። 80ዲ ይህንንም ይዞ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ጨምሯል። ብቻውን ለሚቀርጽ፣ ድምፅ የሚይዝለት ሰው ለሌለው፣ ከነዚህ ሁሉ ለ80ዲ አደላለሁ።

### መስታወት የሌላቸው ትንንሾቹ፦ ሶኒ ኤ6300 እና ካኖን ኤም50

ኤ6300 እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። 4ኬው በጣም ጥርት ያለ ነው፤ ጨለማ ላይም ከ700ዲ ይሻላል፤ አውቶ ፎከሱ ፈጣን ነው። በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ ኃይል ስለሚቀበል ትንሿ ባትሪው ብዙ አታስቸግርም፤ መብራት በጠፋበት ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ነገር ግን ድሬ ላይ ይጎዳዋል። አንደኛ፣ 4ኬ ላይ ሲቆይ በመሞቅ የታወቀ ነው። ደቻቱ ላይ በ1080 ቅረጹ፣ በየሾቱ መሃል አጥፉት፣ ጃንጥላ ሥር አቁሙት። ሁለተኛ፣ በ4ኬ ካሜራውን ፈጥናችሁ ስታዞሩ ቀጥ ያለው ግድግዳ ይንጋደዳል። ባጃጅ ላይ ሆናችሁ ለምትቀርጹት ትዕይንት አይሆንም። የማይክ መሰኪያ አለው፣ የጆሮ የለውም። ስክሪኑም ወደ ፊት አይዞርም።

ኤም50 ላይ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃለሁ። ሰው «4ኬ አለው» ብሎ ይገዛዋል። 4ኬ ላይ ግን ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ይቆርጠዋል። አብሮት የሚመጣው 15 ሚሊሜትር ሌንስ የ38 ያህል ይሆናል፤ ጀጎል ውስጥ አያትና ልጅ አንድ ፍሬም ውስጥ አይገቡላችሁም። ዱዋል ፒክስል አውቶ ፎከሱም 4ኬ ላይ አይሠራም። በ1080 ከተጠቀማችሁበት ግን ጥሩ፣ ቀላል፣ ስክሪኑ የሚዞር ካሜራ ነው።

### ፓናሶኒክ ጂ7፣ ጂ85 እና ጂኤች4

ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው በጥራታቸው ልክ ዋጋ አይጠየቅባቸውም። ጂ7 በርካሽ ዋጋ 4ኬ ይሰጣል። ጂ85 አካሉ ውስጥ መንቀጥቀጥ የሚያስቀር አለው፤ በእጅ ይዞ አያትየውን ጀጎል ውስጥ ለመከተል ከዘረዘርኳቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ጂኤች4 ሁለቱም መሰኪያ፣ የማይክም የጆሮም፣ አለው።

ሴንሰራቸው ትንሽ ስለሆነ ጨለማ ላይ ከሶኒ ያንሳሉ። አውቶ ፎከሳቸው ቪዲዮ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይፈልጋል፤ በእጅ ለሚያስተካክል ሰው ናቸው። ጂ7ና ጂ85 ስትገዙ ከየት አገር እንደመጡ እዩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 25 ፍሬም የለውም። ያንን ካገኛችሁ በ24 ፍሬምና በ1/50 ሻተር ቅረጹ፣ መብራቱ አያስቸግራችሁም። ትልቁ ችግር ግን ሌንስ ነው። ድሬ ላይ የፓናሶኒክ ሌንስ የሚያውስ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

### ብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ

እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ አካሉ ብቻ 1,295 ዶላር ነበር። ምስሉ ከሁሉም ይበልጣል። ኤዲቲንግ ላይ ቀለም ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው ነፃነት ሌላ ነው፤ አይኤስኦ 3200 ላይ ለማታ ክፍል የተዘጋጀ ያህል ነው። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ (የኤዲቲንግና የቀለም ሶፍትዌር) ፈቃድም አብሮ ይመጣል።

ለመጀመሪያ አጭር ፊልም ግን አልመክረውም። ባትሪው አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። የሚከተል አውቶ ፎከስ የለውም። በ4ኬ ጨምቆ ሲቀርጽ እንኳን በደቂቃ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ስለዚህ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክና ጠንካራ ኮምፒውተር ይከተላል። ቢያንስ ሁለት ሰው ካሜራው ላይ ከሌለ ይከብዳል። በኪራይ ለሦስት ቀን ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው።

### ኪራይ

ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ዘጠኝ ገጽ ስክሪፕት በአራት ወይም በአምስት ቀን ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ለወራት ይቀመጣል። የሰርግ ቀራጮች ካሜራ ቅዳሜና እሑድ ይሯሯጣል፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያርፋል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ደግሞ ሰርግ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ መደራደር ይቀላል። ካሜራ ማኑን ራሱን አብራችሁ ብትቀጥሩት ዕቃውም አይበላሽ፣ እናንተም ተዋናዩ ላይ ታተኩራላችሁ።

## በአንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | ቀትር ደቻቱ | ጀጎል | ማታ ክፍል | ድምፅ | ሙቀትና ባትሪ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ስልክ | ያለ ኤንዲ ይቸገራል | በጣም ጥሩ | ደካማ | ለብቻ መቅጃ ይፈልጋል | ቶሎ ይግላል | ከሁሉ ያነሰ |
| ካኖን 700ዲ | በኤንዲ ጥሩ | በ18 ሚሊሜትር ጥሩ | በኤፍ 1.8 ሌንስ ይሄዳል | ማይክ አለ፣ ጆሮ የለም | ይችላል፣ ትርፍ ባትሪ ይዛችሁ | ዝቅተኛ |
| ካኖን 80ዲ | በኤንዲ ጥሩ | ጥሩ፣ ፎከሱ ይከተላል | ከ700ዲ ይሻላል | ሁለቱም አለ | ጥሩ | መካከለኛ |
| ሶኒ ኤ6300 | በ1080 ብቻ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ማይክ አለ፣ ጆሮ የለም | 4ኬ ላይ ይሞቃል፣ ፓወር ባንክ ይቀበላል | መካከለኛ |
| ካኖን ኤም50 | በኤንዲ ጥሩ | በ1080 ጥሩ፣ በ4ኬ ይጠባል | መካከለኛ | ማይክ አለ፣ ጆሮ የለም | ባትሪው ትንሽ | መካከለኛ |
| ፓናሶኒክ ጂ85 | በኤንዲ ጥሩ | በእጅ ለመያዝ ምርጥ | መካከለኛ | ማይክ አለ፣ ጆሮ የለም | ጥሩ | መካከለኛ |
| ብላክማጂክ 4ኬ | ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም | ሰፊ ሌንስ ይፈልጋል | ከሁሉ የበለጠ | ከሁሉ የበለጠ | ባትሪ ይጨርሳል | ከፍተኛ |

## ለማን የቱ?

ያላችሁ ብር ለካሜራ የማይበቃ ከሆነ በስልካችሁ ቅረጹ፣ ያለውን ብር ድምፅ ላይ አውሉት። እንደ ዙም ኤች1 ያለ ትንሽ መቅጃ ወይም ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ይበቃል። ሌላው ቀርቶ ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ ኪስ ውስጥ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ፣ ማይኩ ልብሱ ሥር ተደብቆ ጥሩ ይቀዳል። እያንዳንዱ ሾት ሲጀመር ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ ኤዲተሩ ምስልና ድምፁን የሚገጥመው በዚያች ጭብጨባ ነው።

ካሜራ መግዛት ለምትችሉ፣ ከመቶ ብር ከሃምሳው በላይ ካሜራና ሌንስ ላይ አታውጡ። ሃያ አምስቱ ለድምፅ። የቀረው ለኤንዲ፣ ለሜሞሪ፣ ለሁለት ትርፍ ባትሪ፣ ለትራይፖድ። ይህ ሂሳብ ካልሞላ ዝቅ ያለውን ካሜራ ውሰዱ እንጂ ድምፁን አትቁረጡ።

ታሪካችሁ በአብዛኛው ማታና ቤት ውስጥ ከሆነ ሶኒውን። ቀን፣ ውጭና ረጅም ቀረጻ ከሆነ ካኖኖቹን። በእጅ እየያዛችሁ ሰው የምትከተሉ ከሆነ ጂ85ን። ሰርግም እየሠራችሁ ልትከፍሉት ካሰባችሁ 80ዲን፤ በሳምንት ውስጥ ራሱን ማስተዳደር ይጀምራል።

ስለ ድምፅ ሰዓትም አንድ ነገር። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ። አዛን በቀን አምስት ጊዜ ይሰማል። ንግግር ያለበትን ሾት በሁለቱ አዛን መሃል አስቀምጡት፤ አዛኑን ደግሞ ለብቻው በጥሩ ጥራት ቅዱት። የሐረርን ማታ ያለሱ ማን ይሰማዋል? ድሬ ላይ ደግሞ ባጃጅ ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት መንገዱ ቀለል ይላል፣ ፀሐዩም ገና አልከፋም።

## ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ስትገዙ

ሻጩ ካሜራውን አብርቶ አንድ ፎቶ ያነሳና «ይኸው ይሠራል» ይላችኋል። አይበቃም። ሜሞሪና ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባትሪ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ሌንሱን ክዳኑን ዘግታችሁ አይኤስኦ 3200 ላይ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ጥቁሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች በብዛት ባሉበት የሚቆዩ ከሆነ ሴንሰሩ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አፐርቸሩን ኤፍ 22 ላይ ዘግታችሁ ሰማዩን ቅረጹ፤ ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው። አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት አይጸዳም። ማይክ ሰክታችሁ ገመዱን ነካ ነካ አድርጉት፤ የሰርግ ካሜራ ከሁሉ ቀድሞ የሚለቀው መሰኪያው ነው። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውንም በስልካችሁ መብራት እዩት። የሌንሱን ቀለበት ጆሯችሁ ጋ አቅርባችሁ አዙሩ። አሸዋ ከገባበት ይንሿከካል፤ የድሬ ሌንስ ይህን በሽታ ያውቀዋል። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በጣታችሁ አሽከርክሩት። ከተሽከረከረ ሆዱ አብጧል።

ሻጩ «ሻተሩ ጥቂት ነው የተነሳው» ቢላችሁ ለእናንተ ብዙ ትርጉም የለውም። ያ ቁጥር ፎቶ ነው የሚቆጥረው። ሰዓታት ሙሉ ቪዲዮ የቀረጸ ካሜራ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሴንሰሩ የደከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ፈተና እዚያው በራፉ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሳታቋርጡ 20 ደቂቃ መቅረጽ ነው። ሻይ አዛችሁ ጠብቁ። የተቀረጸውን ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ክፈቱ።

ልጅቷ እንዲህ አድርጋ ሁለቱን ትታ 700ዲውን ይዛ ወጣች። ከተረፋት ብር መቅጃ ገዛች። 24 ሚሊሜትሩን ሌንስ ከሐረር አንድ ፎቶ አንሺ ተውሳለች። ቀረጻውን ከማታው ክፍል ነው የምትጀምረው፤ ለደቻቱ የሚሆነው ኤንዲ ገና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እየመጣ ነው።